ደም ያልነካው ጓንት

ሰኞ 4

አዲስ ደብተር፣ አዲስ እስክሪብቶ። እስክሪብቶውን የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። ወፍራም ነው፤ ፊደል ለሚቆጥር ሕፃን የተሠራ ይመስላል። «ይሄ ከእጅህ አያመልጥም» አለችኝ። የድሮውስ ምን ሆነ ብዬ ሳልጠይቃት ወደ ጓዳ ገባች።

ዛሬ ከአጣሪ ጉባኤው ደብዳቤ ደረሰኝ። ታካሚ በሕክምና ስህተት ተጎዳሁ ብሎ ሲያመለክት ጉዳዩን ሰምቶ የሚወስነው ይህ ጉባኤ ነው። አምስት ሰዎች ይቀመጡበታል፤ ከአምስቱ አንዱ የግድ የተከሳሹ ሙያ ያለው ሐኪም መሆን አለበት ይላል ደንቡ። አሁን አንድ ቀዶ ሐኪም ስለተከሰሱ ቀዶ ሐኪም ፈለጉ፤ እኔን መረጡ። ሠላሳ ዓመት ስቆርጥና ስሰፋ ኖሬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ሁለት ጊዜ ለራሴ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ።

«ትሄዳለህ?» አለች።

«ለምን አልሄድም?»

«እንጃ፤ ጠየቅኩህ እንጂ።»

ሻዬን እስከ ግማሽ ቀድታ አስቀመጠችልኝ። ሰሞኑን ግማሽ ብቻ ነው የምትቀዳልኝ። ቆጣቢ ሆናለች።

ረቡዕ 6

ቅጹ መጣ። ሰባት ጥያቄ አለው። ተከሳሹ ዘመድዎ ናቸው? አይደሉም። አስተምረዋቸዋል፣ ወይም አስተምረውዎታል? አላስተማርኩም፣ አላስተማሩኝም። አንድ ቤት አብራችሁ ሠርታችኋል? አልሠራንም። በስም አውቃቸዋለሁ እንጂ ሰላምታ እንኳ የለንም።

አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ በገዛ እጅዎ ከሃምሳ ያላነሰ ቀዶ ሕክምና ሠርተዋል?» ከኦፕሬሽን መዝገብ ማስረጃ ይያያዝ። የጉባኤው ጸሐፊ በስልክ ምክንያቱን አስረዳችኝ። ድሮ ድሮ ሥራ ከተዉ አሥር ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች እየመጡ፣ ይዘውት በማያውቁት መሣሪያ ላይ ይፈርዱ ነበር አለችኝ። አብረን ሳቅን።

የኦፕሬሽን ክፍላችንን መዝገብ ሃያ ዓመት የያዘችው ሲስተር ናት። ቁጠሪልኝ አልኳት። ከሰዓት በኋላ ማኅተም አስመትታ አመጣችልኝ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችኝም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

እኔ መዝገቡ የሚለውን ነው የሞላሁት። «አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ምልክቱ ከሳጥኑ ትንሽ ወጥቷል። የቢሮዬ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ይጠገን ካልኩ ስንት ጊዜዬ።

ዓርብ 8

ጥድፊያ። ሦስት ኦፕሬሽን። ሁሉም ደህና ወጡ። ምክትሌ ግሩም ነበረች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ «ጋሼ፣ በዚህ ልሂድ ወይስ በታች በኩል?» አለችኝ። በአገጬ አሳየኋት። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ መቆም ለምጃለሁ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል።

ማክሰኞ 12

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ነበርኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ሲስተርና አንዲት ነርስ ያወራሉ።

«ምክትሊቱ ለአጣሪ ጉባኤው አመልክታ ነበር እኮ፤ ለአባልነት።»

«እና?»

«አልሞላሽም አሏት። በገዛ እጅሽ የሠራሽው ዘጠኝ ብቻ ነው አሏት።»

«ዘጠኝ! እሷ?»

«መዝገቡ የሚለው ነዋ! ምን ታድርግ?» ከዚያ ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የጻፍኩትም እኔው ነኝ» አለች።

ዘጠኙ እኔ ዕረፍት ወጥቼ የነበረ ጊዜ የተሠሩት ናቸው። ምክትሌ ስለ ማመልከቻው አንድም ቀን አልነገረችኝም። ደብዳቤዬን ሳሳያት «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» ነው ያለችኝ፤ ከልቧ ይመስል ነበር። እጄን ቆዳዬ እስኪቀላ ታጠብኩ። የሚጠብቀኝ ሥራ ግን አልነበረም።

ዓርብ 15

የጉባኤው ጸሐፊ ደወለች። ሰኞ የመጀመሪያው ችሎት ነው።

«ዶክተር፣ በቅጽዎ ላይ የሚያስተካክሉት ነገር ካለ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ዛሬ ከሆነ በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው እንተካለን፤ ማንም አይጎዳም። ችሎቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ አባል ብቁ አይደለም ከተባለ ግን የተሰማው ሁሉ ይሰረዛል። አዲስ ጉባኤ ተመርጦ እንደገና ይጀመራል፤ አራት ወር ይፈጃል። ለሁሉም አባል የምናነበው ነው።»

«የለም» አልኳት።

አንብባ ሳትጨርስ ነው የመለስኩላት። ስልኩን ዘግቼ ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ ተኩል ነበር። አሥራ አንድ እስኪሞላ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሲሞላ የተገላገልኩ መሰለኝ።

ሰኞ 18

ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ አልዘጋ ያለ መስኮት። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽሬ የት ገባ የሚሉ ሴት፣ ግን ከጆሯቸው የሚያመልጥ ነገር የለም። ከእሳቸው ሌላ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አንዲት ነርስ፣ የሕዝብ ተወካይ ሆነው የገቡ አንድ መምህር፣ እና እኔ።

ከሳሿ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት። የተጎዳችው ልጇ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ከሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ሊወጣላት ገብታ፣ መነካት ያልነበረበት የሐሞት ቱቦ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተከፍታለች። ጎኗ ላይ ቱቦ ተሰክቶ ከረጢት ተንጠልጥሎላታል፤ የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ከረጢቱን በሹራቧ ሸፍና ይዛው ነበር።

እናትየዋ ብዙ አልተናገረችም። «ሰው ይታሰርልኝ አላልኩም። ሐኪምም ሰው ነው፣ ይሳሳታል። እኔ የምጠይቀው ልጄን የቆረጣት ማን ነው ብዬ ነው። ስጠይቅ አንዱ ወደ አንዱ ይልከኛል። የሠራው ሰው ፊቴ ቆሞ እኔ ነኝ ይበለኝ። የቀረውን እናንተ ታውቁበታላችሁ።»

እየተናገረች ዓይኗ በየፊታችን ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ወደ ጠረጴዛው ወረደና ቆየ። እጄን ወደ ጭኔ መለስኩ።

ተከሳሹ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው፤ የሆስፒታላቸው ቀዶ ሕክምና ኃላፊ። መዝገቡ ላይ ሐኪም በሚለው ዓምድ የተጻፈው የእሳቸው ስም ነው። «የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። የተሸመደደ ይመስላል። ልብስ ሰፊዋ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ያመነቻቸው አልመሰለኝም።

ሐሙስ 21

ሁለት ኦፕሬሽን። ቆምኩ። ሲስተር መዝገቡን ስትሞላ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት። ስሜን የምትጽፈው ቀና እንኳ ሳትል ነው፤ እጇ ለምዶታል። ልነግራት ነበር። ምሳ ሰዓት ደረሰ።

እሑድ 24

ባለቤቴ እህቷ ጋ ሄዳለች። ከሰዓት በኋላው ጭር ብሏል፣ ዝናቡ አላባራም። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳ ከዋሸሁ እንግዲህ ምን ቀረኝ?

የተጀመረው የዛሬ አሥራ አራት ወር ነው። አንድ የአንጀት ሥራ ላይ ነበርን። መቆንጠጫውን ስመልስ ከብረት ሳህኑ ጋር ተነካክቶ ጮኸ። አንዴ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፤ አላቆመም፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ተንቀጫቀጨ። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድንገት የሚሠራው ነገር አገኘ። ምክትሌ እጇን እጄ ላይ ጫነችና «ጋሼ፣ ደክሞዎታል፤ እኔ ልጨርሰው» አለችኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ጨረሰችው። አሳምራ ነው የጨረሰችው።

ሲስተር መዝገቡን ስትሞላ የኔን ስም ጻፈች። ክፋት የለባትም። አንድ ታላቅ ታጥቦ ለብሶ ክፍሉ ውስጥ ከቆመ የታናሹን ስም አስቀድማ ጽፋ አታውቅም። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ የሠራኋቸው በመምህሬ ስም ተጽፈው ቀርተዋል፤ እሳቸው ቡና እየጠጡ እኔ እሰፋ ነበር። ወግ ነው ተባልኩ፣ ወግ ነው ብዬ አደግኩ። በማግሥቱም ስሜ ተጻፈ። በሳምንቱም። እንዲህ እየታጠብኩ፣ ጋውን እየለበስኩ፣ ጓንት እያጠለቅኩ፣ እየቆምኩ ዓመት አለፈ። ታካሚዎች ሲድኑ ቢሮዬ ድረስ መጥተው «እጅዎ ይባረክ» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ምክትሌ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች።

ሐኪም ዘንድ አልታየሁም። ድካም ነው። ዕድሜም አለ።

መተው አስቤ አላውቅም አልልም። ግን ጠዋት ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ለብሼ፣ የት ልሂድ? ይህን እንኳ ስጽፍ የማዝነው ለራሴ መሆኑ ያሳፍረኛል። ያቺ ልጅ ከረጢቷን በሹራቧ ሸፍና ተቀምጣለች፤ እኔ ጠዋት የት ልሂድ እላለሁ።

ረቡዕ 27

ሁለተኛው ችሎት። ያን ቀን ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ ቀረበ። ቀጭን ሰው ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ያጠማዝዛል። ሰብሳቢዋ «ቀዶ ሕክምናውን ማን ሠራ?» አሉት።

«መዝገቡ ላይ ያሉት ናቸው።»

«መዝገቡንማ አንብቤዋለሁ። አንተ ያየኸውን ንገረኝ።»

ኮፍያውን አንድ ሁለቴ ካጠማዘዘ በኋላ ወደ ተከሳሹ እያየ ነው የተናገረው። «ጋሼ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ታጥበዋል፣ ለብሰዋል። ግን ጓንታቸውን ደም አልነካውም። ሲያወልቁት እንዳጠለቁት ነበር። የሠሩት ረዳታቸው ናቸው። ጋሼ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ጎንበስ ማለት ከተዉ ቆይተዋል።» ረዳቱ ከወር በኋላ ሥራ ለቀው ሄደዋል።

ልብስ ሰፊዋ የልጇን እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

ተከሳሹ ተነሡ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ለማታለል አይደለም። ስሜ እስካለ ድረስ ኃላፊነቱን ልውሰድ ብዬ ነው። በሙያችን ታላቅ ከቆመ የእሱ ስም ይቀድማል። እኔ ያመጣሁት አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ነው።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ወደኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ እርስዎን እዚህ ያስቀመጥንዎ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። እውነት በየቤቱ አለ?»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይጠብቁኛል። ልብስ ሰፊዋም ትጠብቀኛለች፤ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበረ፤ ለምን በኔ ላይ ተስፋ እንዳደረገች አልገባኝም።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኩ።

ድምፄ ጸጥ ያለ ነበር። ተከሳሹ አዩኝ። አልተቆጡም። ሊቀመጡ ወንበራቸውን በእጃቸው ከኋላቸው ፈለጉት፤ ሳያገኙት ትንሽ ቆዩ።

ሐሙስ 28

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጫማዬን ሳስር ይመላለስብኛል። ደረጃ ስወጣ። ስላጭ። አገጬን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፤ ምላጩ መጥፎ ነው።

ዛሬ ጓንቴን ወደ ቅርጫቱ ከመጣሌ በፊት ገልብጬ አየሁት። እንዳጠለቅኩት ነው።

እሑድ 1

ለባለቤቴ ነገርኳት። ማለቴ፣ ስለ አንድ ባልደረባዬ አስመስዬ ነገርኳት። አንድ ሰው አለ፣ ሥራውን ሌላ እየሠራለት በእሱ ስም የሚጻፍ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ሰው ላይ እንዲፈርድ የተሾመ አልኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

«እኔን ያህላል።»

«ሚስት አለችው?»

«አለችው።»

«እንግዲያማ ታውቃለች» አለች።

ሸሚዜን ከላይ ሁለቱን ብቻ ትታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችና ሰቀለችው፤ ጠዋት በጭንቅላቴ እንዳጠልቀው። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ቆይታለች። ሲሰቀል ቅርጹ እንዳይበላሽ ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር። ሻዩም እንደዚያው ይሆናል። እሷ እንዳታሳፍረኝ ብላ ስትዋሽ፣ እኔ እንዳላፍር ብዬ ስዋሽ ከርመናል። ከቤት ወጥቼ በዝናቡ ትንሽ ተንከራተትኩ።

ዓርብ 6

ምክትሌን በኮሪደር አገኘኋት። «ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ» አልኳት። ቆመች። በጣም ቀጥ ብላ ቆመች፣ የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስል። «የሰኞውን ተራ አስተካክይልኝ» አልኩ። «እሺ ጋሼ» አለች።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ 10

ሦስተኛው ችሎት ላይ የዕረፍት ሰዓት ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ማሽን ውሃ ቀዳሁ። ሞኝ ነኝ፣ እስከ አፉ ሞላሁት። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ግማሹ እጅጌዬ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አወጣችና ኩባያውን ተቀብላ እጅጌዬን ታደርቅልኝ ጀመር። ከሳሽ ከጉባኤ አባል ጋር እንዳይነጋገር ተከልክሏል፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ስለ ጉዳዬ አላወራዎትም» አለችኝ። «አባቴም ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ እንዲህ ሲሆንበት አንድ ጠዋት መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ቁረጪ አለኝ። ለደንበኛው ሁሉ፣ የምትቆርጠው ልጄ ናት ብሎ ተናገረ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

የእጅጌዬን ጫፍ በጨርቁ ጨመቀችው።

«የእርስዎን በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት። እኛ ሰው ሲገባ እጁን እናያለን፣ ሥራችን ነው። ደግሞ ይቅር ይበሉኝና ደስ አለኝ። በሕመምዎ አይደለም። ይሄ ሰውዬ ቢላዋውን አስቀምጧል፣ የሚደብቀው የለውም፣ እውነቱን ይነግረናል አልኩ። ለልጄም እንደዚያ ብዬ ነገርኳት።» ጨርቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እኛ ጋ የለም ሲሉም አመንኩዎት።»

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ሲስተር አይታለች፣ ምክትሌ አይታለች፣ ባለቤቴ አይታለች፣ ይቺ ሴት በአንድ ቀን አይታለች፤ እኔ ግን ደብቄያለሁ ብዬ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ስመላለስ ከረምኩ። ችሎቱ ሊጀመር ነው ብለው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ከዚያ አልወጣሁም።

ዓርብ 13

የውሳኔው ረቂቅ ደረሰን። ሐሙስ 19 ተፈርሞ ይነበባል። አንቀጽ አሥራ አራት፦ «ተከሳሹ ድርጊቱ የሙያው ልማድ ነው ያሉትን ጉባኤው አልተቀበለም፤ በሥራ ላይ ያሉት የቀዶ ሕክምና አባል እንዲህ ያለ አሠራር እንደሌለ አረጋግጠዋልና።» ስለዚህ ሰውየው ሆን ብለው መዝገብ ያጭበረበሩ ተብለው ፈቃዳቸው ለዘለቄታው ይሰረዛል። መምህሩ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም መዝገባቸው ይፈተሽ ብለው ነበር። የአንድ ሰው ጥፋት ነውና አያስፈልግም ተብሎ ቀረ። በኔ ቃል።

በሥራ ላይ ያሉት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ብናገር ልብስ ሰፊዋ አራት ወር እንደገና ትጠብቃለች፤ ልጇን ይዛ፣ ከረጢቱን ይዛ። ባልናገር ሐሙስ በኔ ውሸት ላይ የቆመ ወረቀት ይሰጣታል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለእሷ ስል ዝም ልበል እያልኩ ነበር። ለእሷ ስል! እንዴት አንጀቴን እንደበላችኝ ለራሴ ስተርክ አመሸሁ። የዚያን ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አንዲት ቃል ብናገር ግን ከኔ በቀር ማንም ምንም አይሆንም ነበር።

ሰኞ 16

ሲስተርን መዝገቡን ይዘሽ ነይ አልኳት፤ ምክትሌንም ጠራኋት። የቢሮዬን በር ዘጋሁ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። የወጣልኝ ግን «እጄ ይንቀጠቀጣል» የሚል ብቻ ነው።

ሁለቱም ወለሉን አዩ። ሲስተር ማልቀስ ጀመረች። «እኔ እኮ ለክብርዎ ብዬ ነው ዶክተር።»

«አውቃለሁ። አንድም ቀን ተይ አላልኩሽም።»

ወደ ምክትሌ ዞርኩ። «ለጉባኤው አመልክተሽ ነበር አሉ።»

«ያለፈ ነገር ነው ጋሼ።»

«ዘጠኝ ነው ያለሽ አሉሽ።»

«ጋሼ፣ ይተዉት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ያኔ ቀና አለች። «ምን ብዬ? ይውረዱልኝ ልበልዎት? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ይነግሩኛል፣ ዛሬ ይነግሩኛል እያልኩ አሥራ አራት ወር መጣሁ። ቤት ስገባ ባሌ ዛሬ ስንት ሠራሽ ይለኛል። ጋሼ ሦስት ሠሩ እለዋለሁ። አፌ ለምዶት!» አላለቀሰችም።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ምንም አላለችኝም፤ ልትለኝም አይገባም። መዝገብ አይሰረዝምና በሌላ ወረቀት ማረሚያ ጻፍን። ሲስተር ገጹን ትዘረጋለች፣ ምክትሌ ቀኑንና የታካሚውን ቁጥር ታነባለች፣ ሲስተር ትጽፋለች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር። አንዳንዱ ላይ ምክትሌ ቆም እያለች «ይቺ ያቺ ደም አልቆም ያላት ናት» ትላለች፣ «ይሄ ሰውዬ በሁለተኛው ቀን እየሳቀ የሄደው ነው» ትላለች። ሁሉንም ታስታውሳለች። እኔ ከአራት አምስት በላይ አላስታወስኩም።

ረቡዕ 18

ደብዳቤውን ባለቤቴ ተየበችልኝ። እኔ አልኩ፣ እሷ ጻፈች። አንዲት ቃል አላረመችም። ሲያልቅ ሻይ አመጣች፣ ግማሽ። «እንዲህ ይሻለኛል» አልኳት። ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋኝ ሄደች።

ሐሙስ 19

ችሎቱ በአራት ሰዓት ነበር፤ በሁለት ተኩል ደረስኩ። ልብስ ሰፊዋና ልጇ ከኔ ቀድመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እናትየዋ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳለች። ራሷ የሰፋችው መሆን አለበት። ከሰብሳቢዋ በፊት ከኔ አፍ ይስሙት ብዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ዛሬ ውሳኔው አይነበብም» አልኩ። «በኔ ምክንያት ነው። በናንተ ጉዳይ ላይ ለመቀመጥ በደንቡ አልበቃም ነበር፤ እያወቅኩ ተቀመጥኩ። እኛ ጋ የለም ያልኩትም ውሸት ነው። እኛ ጋ አለ። እኔ ራሴ እንደዚያው ነኝ።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየዋ የቀሚሷን ጠርዝ ጉልበቷ ላይ አቃናች።

«ስንት ጊዜ ነው የምንጠብቀው?»

«አራት ወር።»

«ያኔ እጅጌዎን ሳደርቅልዎ፣ ስለ አባቴ ሳወራዎ፣ ዝም ብለው ሰሙኝ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ለልጄ ነግሬያታለሁ» አለች። ልጅቷ አጠገቧ እያለች ነው የምትለኝ። «ይሄ ሰውዬ አይዋሽም ብያታለሁ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። የምትሰጠኝ ነገር እንዳላት አድርጌ ልጠይቃት አልደፈርኩም። ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ሄድኩ። ስገባ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ እሷ ናት። «ሲፈርሙ ልይ» አለች። ጸሐፊዋ ልታስወጣት አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቷን ስታይ ተወችው።

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችው። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በገዛ እጄ የሠራሁት ቀዶ ሕክምና የለም፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም የምክትሌ ናቸው፤ ዝርዝሩ ተያይዟል፤ በጉባኤው ፊት ስለ ልማዱ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። ስትጨርስ «በዚህ ቃል ራስዎ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ያውቃሉ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። «እንግዲህ እዚህ ጋ፣ እፊቴ ይፈርሙ።»

ወፍራሙን እስክሪብቶ ያዝኩ። እጄ ከወትሮው ብሶበት ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ከመስመሩ ወጥቶ ወረቀቱን ይዞት ተንሸራተተ። ጸሐፊዋ ሌላ ቅጂ አወጣችልኝ። እሱም እንደዚያው ሆነ። «ወይም ማኅተም ብቻ...» ስትል ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ሦስተኛውን ወረቀት ዳርና ዳሩን በሁለት ጣቷ ወጥራ ያዘችው፣ ከመርፌ ሥር ጨርቅ እንደምትይዘው። በሌላው እጇ አንጓዬን ጠረጴዛው ላይ ጫን አደረገችው። ምክትሌ ያኔ እንደያዘችኝ አይደለም፤ አልራራችልኝም።

«ይፈርሙ» አለችኝ። «ሙሉ ስምዎን።»

ፈረምኩ። ስሜ ጠማማ ነው፤ ግን ይነበባል።